ሰባት ከአሥር

ኅዳር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሚዛን ተፈሪ

የዓይን ሐኪሟ የቀጠረችህ ለዓርብ ጠዋት ነው።

ውድ ሬድዋን፣

ይህን ደብዳቤ በአማርኛ የምጽፍልህ ዙሌይካ እንድታነብልህ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በእንግሊዝኛ ስንጻጻፍ አንድ ቀን ሕጉን አፍርሼ አላውቅም፤ ዛሬ አፈረስኩት። ዙሌይካ፣ አንድም መስመር ሳታስቀሪ አንብቢለት። «ይህን እለፊው» ቢልሽ አትለፊው። ስለ አንቺም የጻፍኩት አለ፤ እሱንም አንብቢው።

ያለሁት ሔለን ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍል የእንግሊዝኛ ፈተና ነገ ጠዋት ነው፤ ላባዛ መጥቼ ገና ሳናጋምስ መብራት ጠፋ። ሔለን «ጋሼ፣ ይመጣል፤ ቁጭ ይበሉ» ብላ የተበላሹ ወረቀቶች ሰጥታኛለች። የምጽፍልህ በእነሱ ጀርባ ነው።

ሹፌሩ ባየ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሳል። አይሱዙው ዛሬ ቱም ያድራል፣ ነገ ረፋድ ማጂ ይገባል፣ አራግፎ ረቡዕ ይመለሳል። ረቡዕ ከእሱ ጋር ከወረድክ ሐሙስ አብረን ጅማ እንገባለን። ከዚህ መኪና በኋላ እስከ መጪው ሰኞ የሚወጣ የለም፤ ጠይቄያለሁ። ስለዚህ ወይ በባየ መኪና ትመጣለህ፣ ወይ ዓርብ ያልፋል።

ዓርብ ቢያልፍ ምን ይሆናል እንዳትለኝ ህሊና ያለችውን እንዳለ ልጻፍልህ። ቴፒ ስናስተምር ከፊት ወንበር ተቀምጣ አንተን ራስህን ታርምህ የነበረችው ልጅ አሁን የዓይን ሐኪም ናት። በስልክ የነገርኳትን እስከ መጨረሻው ሰማችና «ግላኮማ ይመስለኛል፤ ሳላየው ግን አልምልም» አለች። «የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ልናቆየው እንችል ይሆናል፣ ካልዘገያችሁ።»

«መቼ ነው የሚዘገየው?» አልኳት።

«መምህር፣ ዘግይታችኋል እኮ» አለችኝ።

ከዓርብ በኋላ ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ትሄዳለች። ሌላ ቀጠሮ ከጥር በፊት አይገኝም። ይህን ሁሉ ባለፈው ደብዳቤ ጽፌልህ ነበር። አንተ ደግሞ ስለ ማጂ ጉም ሁለት ገጽ መለስክልኝ። ጉሙ ከጠዋት ጀምሮ የትምህርት ቤቱን አጥር እንደሚውጠው፣ የድንቹ ቅጠል በብርድ እንደጠቆረ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪዎችህ ኃላፊ ጊዜን እንዳልያዙት። ከዚያ በመጨረሻው መስመር፣ «ባይ ዘ ዌይ፣ የሴሚስተሩን ፈተና ካረምኩ በኋላ ጥር መጨረሻ ላይ ብቅ እላለሁ።»

ተናድጃለሁ፣ ሬድዋን። ቃሉን አላለሰልሰውም።

ያቺን ሐረግ ያስተማርከኝ አንተ ነህ። ዙሌይካ ታሪኩን ሙሉውን ስለማታውቀው ልንገራት። በ1997 ሁለታችንም ጀማሪ መምህራን ሆነን ቴፒ አንድ ክፍል ተከራይተን ነበር። የቡና ሰሞን ሲደርስ እግር የሚያሳርፉበት መሬት አይገኝም፤ ሁሉም ደጅ ላይ ቡና ተሰጥቷል፣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ቡና ነው። በእንግሊዝኛ የሚያናግረን የለም። አንተ «ቋንቋው ዝጎ ከአፋችን ሊወድቅ ነው» አልክና ሕጉን አወጣህ። አንዱ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ ይጽፋል፤ ሌላው በቀይ አርሞ፣ ከአሥር ነጥብ ሰጥቶ፣ ይመልሳል። ከስድስት በታች ያገኘ ቁርስ ያበላል። አንድ ክፍል እያደርን ደብዳቤ ስንሰጣጥ ያዩት አከራያችን ተኳርፈን መስሏቸው ሊያስታርቁን ሁለት ሽማግሌ ይዘው መጡ። አንተ ለሽማግሌዎቹ «ደህና ነን፣ እየተማማርን ነው» ስትላቸው አንደኛው «እንዲህ ከሆነ መሃይምነቱ ይሻላል፣ ቢያንስ ያነጋግራል» ብለውህ ሄዱ።

«ባይ ዘ ዌይ» በአማርኛ በነገራችን ላይ የምንለው ነው። እኔ በየደብዳቤዬ እሷን ስደጋግም ሰለቸህና አንድ ቀን ለተማሪዎችህ ሰሌዳ ላይ ጻፍከው፤ እኔንም ጠርተህ አስነበብከኝ። «ከባይ ዘ ዌይ በኋላ የሚገባው አንባቢው ቢያጣው የማይጎዳበት ነገር ብቻ ነው። ዋናውን ጉዳይ ከኋላዋ የሚደብቅ ጸሐፊ አንባቢውን ይንቃል።» ያንተ ቃል ነው። እስከ ዛሬ እንዳለ አስተምረዋለሁ። ነገም ፈተናው ላይ አለ፤ ገጽ ሦስት፣ አሥራ አራተኛው ጥያቄ።

ሕጉን ያወጣኸው አንተ፣ ያላከበርከው አንተ። አባትህ ያረፉ ጊዜ ስለ ዘጠነኛ ክፍል ውጤት አንድ ገጽ ሙሉ ጽፈህ መጨረሻ ላይ «ባይ ዘ ዌይ፣ አባቴ ትናንት አረፈ፤ ሦስተኛውን ክፍለ ጊዜ ያዝልኝ» አልክ። ከዙሌይካ ጋር ኒካህ ልታስር ሳምንት ሲቀርህ የነገርከኝ ስለ አዲሱ መማሪያ መጽሐፍ ካማረርክ በኋላ ነው። ዙሌይካ፣ ይቅርታ፤ አንቺ የገባሽው ከመጽሐፉ የገጽ ቁጥር ስሕተት ቀጥሎ ነው። ወደ ማጂ መዛወርህንም ያወቅሁት በደብዳቤ ግርጌ ነው፤ ያኔ የመምህራን ክፍል ውስጥ ፊት ለፊት ነበር የምንቀመጠው። እኔም ሁሌ አርሜ መለስኩልህ። ለአባትህ ሞት ስምንት ከአሥር ሰጥቼሃለሁ። ለቅሶም ግን መጥቻለሁ።

የአገሩ ሰው ሁሉ እንደዚህ ነው ትለኝ ይሆናል። እውነት ነው። እዚህ ሰው ቤትህ ሲመጣ ስለ ዝናቡ ያወራል፣ ስለ ቡናው ያወራል፣ ልጆችህን በየስማቸው ይጠይቃል፤ የመጣበትን ጉዳይ የሚናገረው ተነስቶ፣ ዱላውን ይዞ፣ አንድ እግሩን ከደጃፍ ካሳለፈ በኋላ ነው። አባቴም እንደዚያ ነበር። ያንተም እንደዚያ ነበሩ። እንግሊዝኛውን የወደድነው ግን ለምን ነበር? ዋናውን መጀመሪያ እንድንል ስለሚያስገድደን አልነበረም? አንተ ራስህ «በዚህ ቋንቋ በር ላይ መቆም የለም» ስትለኝ አልነበረም?

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። ጥቅምት 5 ባየ ደብዳቤህን የመምህራን ክፍል ድረስ አመጣልኝ። ፊቴ ስልሳ ደብተር ተከምሯል፣ ቀይ እስክሪብቶው እጄ ላይ ነው። ደብተሮቹን ገፋ አድርጌ ያንተን አስቀደምኩ፤ ካንተ እጅ ስለመጣ ደስ ብሎኝ ነበር። ሁለት ገጽ ነው። ጉሙን እንደ ልማድህ አሳምረህ ጽፈኸዋል፤ ጠርዙ ላይ «ጥሩ ገለጻ» አልኩ። ሁለት የመስተዋድድ ስሕተት አገኘሁ። ሦስት ቦታ መስመሩ ተጣሞ ወደ ታች ወርዷል፤ «የእጅ ጽሑፍህን ጠብቅ» አልኩ። ከዚያ መጨረሻው ጋ ደረስኩ። «ባይ ዘ ዌይ፣ ከመስቀል ወዲህ ግራ ዓይኔ ማየት አቁሟል።»

ከሥሩ ሁለት ጊዜ በቀይ አሰመርኩበት። ጎኑ ላይ የጻፍኩትን ታስታውሰዋለህ፤ እኔም አልረሳውም። «ቦታው አይደለም። ዋና ጉዳይ ከሆነ አንደኛ አንቀጽ ይግባ፤ ካልሆነ ይውጣ።» ሰባት ከአሥር። ፈረምኩና ባየ ሻዩን ሳይጨርስ መልሼ ሰጠሁት።

አላየሁትም አልልህም። አይቼዋለሁ። ያየሁት ግን ዓረፍተ ነገር ሆኖ ነው። ስልሳውን ደብተር አርሜ፣ ቤቴ ሄጄ፣ እራቴን በልቻለሁ። ማናልሞሽ «ሬድዋን ምን አለ?» ስትለኝ «ደህና ነው፣ መስተዋድድ ላይ ሰንፏል» አልኳት። እንደዚያ ነው ያልኳት።

ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ስልኬ ጠራ። ማጂ ኔትወርክ ስላልነበረ ለገበያ ቱም የወረደች ሚስትህ ነበረች። ዙሌይካ፣ ያልሽኝን እዚህ ጽፌዋለሁ፤ ከተሳሳትኩ አርሚኝ።

«ከፈለኝ ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ደርሷል።»

«እሺ፣ ደህና ናችሁ?»

«ወረቀቱ ቀይ በቀይ ነው። እኔ ፊደሉን እንጂ ቋንቋውን አላውቀውም። ስለ ዓይኑ ምን አልከው?»

«እሱስ ምን አለሽ?» አልኳት።

«እሱን ብጠይቀው ‹ሰባት ሰጥቶኛል› ይለኛል። ሰባት ምንድን ነው? የሰባት ቀን መድኃኒት ነው?»

«ነጥብ ነው። ከአሥር።»

የገበያው ጫጫታ ይሰማኛል። አንድ ሰው ዋጋ ይጠራል፣ አንድ በግ ይጮኻል። «ከአሥር ሰባት» አለች። «የጎደለው ሦስት የዓይኑ ነው?»

ሬድዋን፣ መምህር ሆኜ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ እንደዚያ የጠየቀኝ ተማሪ የለም። ዘጋሁና ወዲያው ለህሊና ደወልኩ።

አሁን አንድ ሌላ ወረቀት ላስታውስህ። በ2003 ነው። ሁለታችንም ወደ ሚዛን ከተዛወርን ሁለተኛ ዓመታችን ነበር። ጠመኔ ስለመጥፋቱ፣ ስለ ሁለተኛው ፈረቃ፣ ጣሪያው ስለሚያፈሰው ክፍል ጻፍኩልህና መጨረሻ ላይ «ባይ ዘ ዌይ፣ ማናልሞሽ ትናንት የሰባት ወር ልጃችንን በሆዷ እንዳለ አጣች» አልኩህ። ያንተ በሽታ ተላልፎብኝ ነበር። ወረቀቱን ጠረጴዛህ ላይ አስቀምጬ ክፍል ገባሁ። በመስኮት አየሁህ። አነበብከው፣ አጠፍከው፣ ኪስህ ከተትከው። ቀይ እስክሪብቶህን አላነሳህም። ተነስተህ በግቢው በር ወጣህ፤ አራተኛ ክፍለ ጊዜ ነበረህ፣ ትተኸው ሄድክ። እኔ ቤት ስደርስ አንተ ጓሮ እንጨት ትፈልጣለህ። ሦስት ቀን ውሃ ቀዳህልን። ስለ ልጁ አንድ ቃል አልተናገርክም። በሦስተኛው ቀን ማናልሞሽ «ይሄ ሰው ቤት የለውም እንዴ?» ብላ ሳቀች፤ መጀመሪያ የሳቀችው ያኔ ነው።

ያንን ወረቀት አልመለስክልኝም። በሃያ ዓመት ውስጥ ያልተመለሰልኝ እሱ ብቻ ነው። ስንት እንዳገኘሁ እስከ ዛሬ አላውቅም።

እና እኔ ላንተ ሰባት ሰጠሁህ።

ይህን የምነግርህ ይቅርታ እንድትለኝ አይደለም። ይቅርታህን ሐኪም ቤት በር ላይ ቆመን እንነጋገርበታለን። አሁን የምፈልገው እንድትወርድ ነው፤ አንተ ደግሞ ለምን እንደማትወርድ አውቃለሁ። ባየ ነግሮኛል። ከሱቃችሁ ፊት ለፊት ወንበር አውጥታችሁ፣ ዙሌይካ የተማሪዎቹን ወረቀት ይዛ አንድ በአንድ «ኤ፣ ኤን፣ ዲ» እያለች ትጠራልሃለች፤ አንተ ቃሉን ሰብስበህ «ልክ» ወይም «ስሕተት» ትላለህ፤ እሷ ምልክቱን ታደርጋለች። ለርእሰ መምህሩ አልነገርክም። ክፍል እንዳይነጥቁህ ነው። ቀኝ ዓይንህም እየሄደ መሆኑን ባትጽፍልኝም ባለፈው የላክኸው ደብዳቤ ነግሮኛል፤ ፊደሎቹ የአንደኛ ክፍል ልጅ የጻፋቸው ያህል ተልቀዋል፣ ግማሾቹ ከወረቀቱ ጠርዝ ወጥተው ቀርተዋል። እሱን በቀይ አልነካሁትም።

ደግሞ ማንንም አላታለልክም። ባየ እንዳለኝ ተማሪዎችህ በፈተና ቀን በግራህ በኩል ለመቀመጥ ይጋፋሉ። «በስተ ግራ የተቀመጠ ሁሉ ዘጠና ነው የሚያገኘው» ብሎ ሲስቅ እኔም አብሬው ሳቅሁ።

ባለፈው ሐሙስ ምክትል ርእሰ መምህራችን እማዋይሽ ጋ ገብቼ የአምስት ቀን ፈቃድ ጠየቅሁ። ማጂ ወጥቼ ላመጣህ።

«በፈተና ሳምንት?» አለችኝ።

«ሰውየው ሊታወር ነው።»

«አዝናለሁ። ግን ፈተናውን ያወጣኸው አንተ፣ የምታስፈጽመው አንተ። ደብዳቤ ላክለት።» ከመዝገቧ ላይ ቀና ሳትል ጨመረች፣ «ደብዳቤ ላይ ጎበዝ አይደለህ?»

ጎበዝ ነኝ። ይኸው ስድስተኛውን ገጽ ይዣለሁ።

ባየ አሁን መጣ። ጥሩንባውን ነፍቶ ሲያበቃ ራሱ ወርዶ በሩ ላይ ቆመ። የተባባልነውን እሱ እዚሁ ቆሞ እያየኝ ነው የምጽፍልህ።

«መምህር፣ ጨረስክ?»

«አንድ ገጽ ይቀረኛል።»

«ባለፈውም ሰጠኸኝ፣ አደረስኩ። እሱም ሰጠኝ፣ አመጣሁ። እኔ ፖስታ ቤት ሆኛለሁ፤ ሰውየው ግን እዚያው ነው።»

«በዚህኛው ቁርጥ አድርጌ ነግሬዋለሁ።»

«ምን ብለህ?»

«እንዲመጣ።»

«በፊትስ አትምጣ ብለኸው ነበር?» አለና ሲጋራውን ከጆሮው ላይ አውርዶ ሳይለኩሰው በጣቱ አዟዟረው። «እኔ የማውቀው ጭነት ነው፣ መምህር። ቆርቆሮ ‹ና› ብትለው አይመጣም። ሄደህ ነው የምትጭነው። ሰው በደብዳቤ አይጫንም።»

ሔለን ከጠረጴዛዋ ጀርባ ሆና «እውነቱን ነው» አለች። ማንም አልጠየቃትም።

«ጋቢና ቦታ አለህ?» አልኩት።

«ስመለስ ለእሱ የያዝኩት አንድ አለ። ስሄድ ባዶ ነው። ስንመለስ ተጠጋግታችሁ ትቀመጣላችሁ፤ ሁለታችሁም ከሲታ ናችሁ።»

የጻፍኩትን ከላይ ጀምሬ አነበብኩት። ዙሌይካ ታነብልሃለች። አንተ ጭንቅላትህን ዘንበል አድርገህ ትሰማለህ። ሽማግሌዎቹ ጋ ስትደርስ ትስቃለህ። የማናልሞሽ ነገር ጋ «ሻይ አምጪልኝ» ትላታለህ። ከዚያ «እሺ፣ አስብበታለሁ» ትላትና ስለ ጉሙ መልስ ታጽፋታለህ፣ በመጨረሻውም መስመር ጥር ትላለህ። ባየ ረቡዕ ባዶ ጋቢና ይዞ ይመለሳል። ይህን እያወቅሁ ነው ስድስት ገጽ የጻፍኩት።

መብራት መጣ። ማሽኑ ማጓራት ጀምሯል። ሔለን «ጋሼ፣ ገጽ ሁለት አለቀ፤ ሦስትን ላስገባ?» አለችኝ። ገጽ ሦስት ያ አሥራ አራተኛው ጥያቄ ያለበት ነው።

«አስገቢ» አልኳት። «ሲያልቅ ለምክትል ርእሰ መምህሯ ደውዪና በእጇ ስጫት። ከእሷ በቀር ለማንም እንዳትሰጪ።»

«እርስዎስ?»

«ማጂ።»

«ፈተናውን ጥለው?»

«ፈተናውን ጥዬ።»

ፈተና ማባዣ ቤት ጥሎ የሄደ መምህር ምን እንደሚጠብቀው አውቃለሁ፤ እንደዚያ ባደረገ ባልደረባችን ላይ ቃለ ጉባኤ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ለማናልሞሽ ከመኪናው ላይ እደውልላታለሁ። የምትለኝ አንድ ነገር ብቻ እንደሆነ እገምታለሁ፣ ለምን እስከ ዛሬ ቆየህ ነው።

ይህን ወረቀት ለባየ አልሰጠውም። ኪሴ ውስጥ ነው የሚመጣው። ዙሌይካ ታርፋለች፤ እኔው ቁጭ ብዬ አነብልሃለሁ፣ አንተ ስሕተቱን በጆሮህ ታርማለህ። ከዚያ ልብስህን ትይዛለህ። እምቢ ካልክ ጓሮህ ገብቼ እንጨት እፈልጣለሁ፤ ረቡዕ ጠዋት ባየ እስኪነሳ ድረስ አላቆምም።

ባየ ሞተሩን አስነስቷል። እየመጣሁ ነው። አንደኛ አንቀጽ ላይ መግባት የነበረበት ይህ ነው፤ ነጥብ ቀንስብኝ።

ከፈለኝ